«እንፋሎት አለቀበት» ሲባል ምን ማለት ነው?



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ነው፤ «ራን አውት ኦቭ ስቲም» ይላል። ቃል በቃል ሲመለስ «እንፋሎት አለቀበት» ይሆናል፤ ለአማርኛ አንባቢ ግን ይህ አነጋገር የሚፈላ ድስት ቢያስታውሰው እንጂ ሌላ ትርጉም አይሰጠውም።

ፈሊጡ የመነጨው ከእንፋሎት ሞተር ነው። ከሰሉ ይነዳል፣ ውሃው ይፈላል፣ የታመቀው እንፋሎት ፒስተኑን እየገፋ መንኰራኵሩን ያዞራል። ባቡሩ ረጅም ዳገት ሲወጣ፣ ሞተሩ የሚወስደው እንፋሎት ከሚመነጨው ከበለጠ ግፊቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ ባቡሩ በአንድ ጊዜ ቀጥ አይልም፤ እያዘገመ ሄዶ ይቆማል። እሳቱ ተቆስቁሶ ግፊቱ ሲመለስ ግን ጕዞውን ይቀጥላል።

የእኛም ቋንቋ ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። «ባቡር» የምንለው ቃል በዓረብኛ በኩል የደረሰን ሲሆን፣ መነሻው በጣሊያንኛ እንፋሎት ማለት የሆነው «ቫፖሬ» ነው። ቃሉን ወረስን፤ ፈሊጡን ግን አልወረስንም።

ስለዚህ ፈሊጡ ሁለት ነገር ይዟል፦ ድካሙ ቀስ በቀስ የመጣ ነው፤ ፍጻሜም ላይሆን ይችላል። ለሰው ብቻ ሳይሆን ለዘመቻ፣ ለክርክርና ለኢኮኖሚ ዕድገትም ይነገራል።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዘገባ ስለ ሰላም ድርድር በዚህ ፈሊጥ ቢናገርና ተርጓሚው «ድርድሩ ከሸፈ» ብሎ ቢጽፍ፣ ያልተዘጋውን በር ዘጋው ማለት ነው። «ድርድሩ ተቀዛቀዘ» ወይም «ግለቱ በረደ» ቢል ግን ሐሳቡን ይጠብቃል፤ የበረደ ነገር ዳግም ሊሞቅ ይችላልና። ለሰው ሲሆን «ጉልበቱ ከዳው» ወይም «ዛለ» እንላለን።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ፈሊጥ አለ፤ «ራኒንግ ኦን ፊዩምስ» ይባላል። ነዳጁ አልቆ በትነቱ ብቻ የሚሄድን መኪና ያሳያል። ይህኛው ገና አልቆመም፤ ለመቆም ግን ጥቂት ቀርቶታል። «በእንጥፍጣፊ ጉልበት» የሚለው አማርኛ በሚገባ ይተካዋል። አንድ ሠራተኛ ስለ ራሱ እንዲህ ሲናገር ጽናቱን እያወደሰ አይደለም፤ ልዝለፈለፍ ነው፣ ድረሱልኝ ማለቱ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎቼን ዘወትር የምጠይቀው ከመዝገበ ቃላቱ በፊት ይህን ነው፦ ነገሩ ቆሟል ወይስ ገና እየሄደ ነው? ከቆመስ ዳግም ሊነሣ ይችላልን? መልሱን ያገኘ ተርጓሚ ትክክለኛውን ቃል ለማግኘት አይቸገርም።