ደም ብዛትና ደም ማነስ በአንድ ሰው ላይ

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንጽፍላችሁ ስለ ምንጭ ማጎልበት፥ ስለ ዘርና ስለ እርከን ሥራ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ሕመም እንጽፋለን፤ ምክንያቱም ሕመሙን ባለማወቃችን፥ በተለይም እኔ ባለማወቄ፥ አንድ ሰው ተበድሎብናል።

ሰውየው ከደባርቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። የእርከን ሥራው ሲጀመር ድንጋይ በመሸከም የሚቀድማቸው አልነበረም። ከጊዜ በኋላ ግን ዘግይተው መምጣት፥ ቀጥሎም ሁለት ድንጋይ አንሥተው መቀመጥ፥ በመጨረሻም ጭራሽ መቅረት አመጡ። ጎረቤት «ሰነፉ» አለ። የስም መቆጣጠሪያውን የምይዘው እኔ ስለ ነበርሁ፥ አንድም ቃል ሳልጠይቃቸው ስማቸውን ሰረዝሁ። ከዝርዝሩ መሰረዝ ማለት የእህል ድርሻን ማጣት እንደ ሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ቤታቸው የሄድሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። በጠራራ ፀሐይ መደብ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ገርጥቷል፥ እግራቸው አብጧል፥ ከመደቡ ተነሥተው እኔን ለመቀበል እንኳ ትንፋሽ አጠራቸው። በጉልበታቸው አጠገብ በላስቲክ የተጠቀለለ የኪኒን ፍሬ ነበር። ለምን እንደማይወስዱት ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ መጀመሪያ ደምዎ በዝቷል አሉና ይህን ሰጡኝ። አሁን ደግሞ ሄጄ ብመረመር ደምዎ አንሷል አሉኝ። ካነሰማ የሚያሳንሰውን ለምን እውጣለሁ?»

በቃላችን ከሄድን አባባላቸው ልክ ነው። ስሕተቱ ከስሙ ላይ ነው። በአማርኛችን «ደም ብዛት» የምንለው የደሙን መጠን አይደለም፤ ደሙ የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚገፋበትን ኀይል ነው፤ ዛሬ ብዙዎች «ደም ግፊት» የሚሉት ስለዚህ ነው። «ደም ማነስ» ደግሞ ደሙ ከሰውነት መጉደሉ ሳይሆን መቅጠኑ ነው፤ ይኸውም አየር የሚሸከሙት ቀይ የደም ሕዋሳትና በውስጣቸው ያለው ሄሞግሎቢን ሲያንስ ነው። ወጥ ቢቀጥንም ድስቱ ሙሉ ነው፤ እሳቱ ከበረታም ይገነፍላል። አንድ ሰው ሁለቱን ሕመሞች ባንድ ጊዜ ሊታመም ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደግሞ ሊጠረጠር የሚገባው ኩላሊት ነው።

ኩላሊት ሲባል ብዙዎቻችን ወገብ ሲወጋ የምናነሣው ስም ነው። ነገር ግን የኩላሊት ድካም አብዛኛውን ጊዜ አይወጋም፥ ድምፅም አያሰማም፤ ለዓመታት ተሸሽጎ ይኖራል። ሁለቱ ኩላሊቶች እያንዳንዳቸው አንድ ጭብጥ እጅ ቢያህሉ ነው፤ ሆኖም ከደም የሚያጠልሉት ፈሳሽ በቀን 180 ሊትር ያህል ሲሆን፥ ከዚህ አብዛኛውን ወደ ሰውነት መልሰው ጥቂቱን በሽንት ያስወጣሉ። የስኳር በሽታና ያልታከመ ደም ብዛት ይህን ማጥለያ ቀስ በቀስ ያበላሹታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ኩላሊት ከማጥራት ሌላ ሥራ ያለው መሆኑን ነው። ኩላሊት በደም ውስጥ የሚያልፈው ኦክስጅን ማነሱን ሲያውቅ ኤሪትሮፖየቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን በደም ተጉዞ የአጥንት መቅኔ ይደርሳል፤ መቅኔውም ትእዛዙን ተቀብሎ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሠራል። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ በጤነኛ ሰው ውስጥ 120 ቀን ያህል ኖሮ ያልፋል፤ ስለዚህ ምትኩ ዘወትር መሠራት አለበት። ኩላሊት ሲደክም መልእክቱ ይቀንሳል። መቅኔው ደኅና ሳለ፥ የሚያዘው አጥቶ ሥራ ይፈታል። በዚያ ላይ የኩላሊት ሕመምተኛ የደም ሕዋሳት ዕድሜ ያጥራል፤ ብረት የተባለው ንጥረ ነገርም ወይ ያልቃል፥ ወይ በሰውነት ጎተራ ተቆልፎበት መቅኔው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል።

ይህን ሆርሞን ለማግኘት የተደከመው ድካም ለብቻው ይተረካል። ታካጂ ሚያኬ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም መቅኔያቸው ደም መሥራት ካቆመ ሕመምተኞች 2,550 ሊትር ሽንት አሰባስበው አደረቁ፤ ከዚህም በአሜሪካ ከዩጂን ጎልድዋሰር ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1977 የተጣራውን ሆርሞን ማግኘታቸውን አስታወቁ። ያገኙት በሚሊግራም የሚቆጠር ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት በቤተ ሙከራ ማምረት ተቻለ፤ በ1989 በአሜሪካ ለኩላሊት ሕመምተኞች መድኃኒትነቱ ተፈቀደ። የሰውነት ሕዋሳት የኦክስጅንን ማነስ እንዴት እንደሚያውቁ የደረሱበት ኬሊን፥ ራትክሊፍና ሰሜንዛ ደግሞ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ነገር ለእኛ ለደጋው ሰዎች ከሌላው ይልቅ ይቀርበናል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጣ ደግሞ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በ3,500 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሲሶ ያህል ያንሳል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸውን እጅግ በማብዛት ይህን ይቋቋማሉ። የእኛ ሰዎች ግን እንዲህ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች በአምባራስ አካባቢ፥ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ያገኙት ውጤት ዓለምን አስገርሟል፤ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፥ የሴቶቹ 15.0 ነበር። ይህ በቆላ ከሚኖር ጤነኛ ሰው እምብዛም አይለይም፤ ደማቸውም ኦክስጅን በሚገባ የያዘ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ሄሞግሎቢኑ ከ13 በታች የሆነን ወንድ፥ ከ12 በታች የሆነችን እርጉዝ ያልሆነች ሴት ደም አንሷቸዋል ይላል፤ ለከፍታ ቦታ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ እንዲል ያዛል። ያ ጭማሪ ለእኛ ደገኞች በልኩ መሥራት አለመሥራቱ ሊቃውንቱን ያከራክራል። እኔ ለባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፤ በአንድ ቀን ቁጥር ብቻ አትፍረዱ፤ ሰውየው አምና የነበረውን ቁጥር ከካርዱ ላይ ፈልጉ፤ አምና ምን ይሠራ እንደ ነበረም ጠይቁ።

ሐኪሞች ሕመምተኛው ኑሮውን እንዴት እንደሚኖር የሚለኩበት የጥያቄ ወረቀት አላቸው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስንት ፎቅ ደረጃ መውጣት ትችላለህ የሚል ነው። በእኛ አገር ፎቅ የት አለና! ነገር ግን ጥያቄውን ወደ አገራችን መመለስ አይከብድም። ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ስንት ጊዜ እንስራዋን አወረደች? ገብስ ለመውቀጥ ስንት ጊዜ አረፈች? እርሻው ድረስ ለመውጣት ስንት ጊዜ ቆመ? በጉባኤ መዝሙር ሲዘመር ሁሉ ሲነሣ እርሱ ለምን ተቀመጠ?

ደም ማነስ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሕመምተኛው ራሱ ይለምደዋል። «አረጀሁ» ይላል፤ ወይም «ብርዱ ጠናብኝ» ይላል፤ እውነትም ሰውነቱ ይበርደዋል። ነገር ይረሳል፥ ሲነሣ ያዞረዋል፥ ልቡ ይመታል፥ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፥ ከሚስቱ ጋር ያለው ፍቅር እንኳ ይቀዘቅዛል። ሴት ስትሆን ደግሞ ይብሳል፤ እንጀራው ሳይጋገር ሲቀር፥ ልጆቹ ሳይታጠቡ ሲቀሩ ማንም ስለ ደሟ አይጠይቅም። ከዳባት ወዲህ ባሉ መንደሮች ስንዘዋወር «ሰነፍ ሚስት» ተብለው ወደ ወላጆቻቸው ቤት የተመለሱ ሴቶች አጋጥመውናል። ሁሉም የኩላሊት ሕመምተኞች ናቸው አልልም፤ በወሊድ፥ በሆድ ትል፥ በምግብ እጥረትም ደም ያንሳል። መመርመር ያስፈለገውም ስለዚሁ ነው።

ሕክምናው ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ሌላ ምክንያት መኖር አለመኖሩና በሰውነት የተከማቸው ብረት ይመረመራል፤ ብረት ካነሰ በኪኒን ወይም በደም ሥር ይሰጣል። ብረቱ ሳይሟላ የሆርሞኑን መርፌ መውጋት ድንጋይ ሳያቀርቡ ግንበኛ እንደ መቅጠር ነው። የብረት ኪኒን ሰገራን ያጠቁራል፤ ይህን አስቀድማችሁ ካልነገራችሁት ሕመምተኛው ደንግጦ ይተወዋል። ከቡናና ከሻይ ጋር ሲወሰድም ሰውነት አይቀበለውም፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ቡናው ጨው ይጨመርበታልና ለደም ብዛቱም ጥሩ አይደለም።

መርፌው ብዙ እፎይታ ይሰጣል። በካናዳ 118 የእጥበት ሕመምተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት፥ መርፌውን የወሰዱት ድካማቸው እንደ ቀነሰና ጉልበታቸው እንደ ተሻሻለ አሳይቷል። ነገር ግን ሲበዛ ይጎዳል። በ2009 የታተመና ከ4,000 የሚበልጡ የስኳርና የኩላሊት ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ሄሞግሎቢኑን ወደ 13 እንዲያደርስ መርፌ የተሰጠው ወገን በስትሮክ የተመታበት ቁጥር እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ከድካም ያገኘው እፎይታም ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሐኪሞች ዛሬ ወደ ጤነኛው ሰው ቁጥር አይቸኩሉም። መርፌው ደም ብዛትን ከፍ ሊያደርግ ይችላልና ያ የተተወው ኪኒን መወሰድ አለበት።

መድኃኒቱን ለምታመላልሱ ባልደረቦቼ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለውን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በቀዝቃዛ ሣጥን ይጓዝ። ነገር ግን ብርጭቆው በረዶውን በቀጥታ አይንካ፤ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ተበላሽቷል፥ መጣል አለበት። «ደጋ ስለሆነ ውጭ ይደር» የሚልም አለ፤ በሰሜን ሌሊት ውጭ ያደረ መድኃኒት ሊቀዘቅዝ ይችላል።

አሁን ወደ ምእመናን ልመለስ። ይህን አባት የአጥቢያው ሰዎች ሲሰሙ በፍቅር ተነሡ፤ አንዱ ቀይ ሥር አመጣ፥ ቀለሙ ደም ይመስላልና። አንዲት እናት ዋግምት የሚያውቅ ሰው ልጥራ አሉ። ሌሎች ደግሞ ገንዘብ እናዋጣና ደም ይሰጣቸው አሉ። ቀይ ሥር ፖታሲየም የበዛበት ነው፤ ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ይህን ማስወጣት ስለማይችል ልቡን ሊያስቆም ይችላል። ደም ያነሰውን ሰው በዋግምት ደም ማፍሰስ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያሻኝም። ከሱቅ ተገዝቶ ለወገብ የሚዋጠውና የሚወጋው የሕመም ማስታገሻ፥ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለው፥ የተረፈውን ኩላሊት ይጨርሳል። የሰው ደም መቀበልም በጭንቅ ጊዜ ሕይወት ያድናል፤ ነገር ግን ወደፊት ኩላሊት ለመቀበል የታሰበን ሰው ሰውነቱ የሌላውን አካል እንዲጠላ ሊያደርግ ስለሚችል ሐኪሙ ሲያዝ ብቻ ይሁን። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ የሚሰጠው ግን በሕይወት ያለ ዘመድ ነው፥ ብዙዎችም አይደርሳቸውም።

በአንድ እሑድ የተሰበሰበ ብዙ ገንዘብ በአንድ ጉዞ አለቀ ሲባል ሰምተናል። የእኔ አስተያየት፥ ታናሽ ቢሆንም በየወሩ የማይቋረጥ ስጦታ ይሻላል የሚል ነው፤ ለአውቶቡስ፥ ለላቦራቶሪ፥ ለኪኒኑ፥ ለአስታማሚው ምሳ። አብሮ የሚሄድ ሰው ከገንዘቡ አያንስም። የሐኪሙን ቃል ሰምቶ ለቤተሰቡ የሚያስረዳ፥ «ብዛቱም ማነሱም እውነት ነው» ብሎ የሚደግም ሰው ያስፈልጋል።

እኚህ አባት አልዳኑም፤ ኩላሊታቸው እንደ ደከመ ነው፥ አንድ ቀን እጥበት ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ያም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚደረግ ስለሆነ ከመንደር ወጥቶ ከተማ መቀመጥን ይጠይቃል። ያን ገና እየተመካከርንበት ነው። ነገር ግን የደም ብዛቱን ኪኒን መልሰው ጀምረዋል፥ ብረቱንና መርፌውንም ይወስዳሉ። ሄሞግሎቢናቸው 7 ነበር፤ አሁን ከ10 በላይ ሆኗል። እርሻቸው ድረስ ለመውጣት አራት ጊዜ ይቆሙ የነበሩት ዛሬ አንድ ጊዜ ይቆማሉ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር፤ «እኔም ራሴን ሰነፍሁ ብዬ ነበር እኮ» አሉኝ። ስማቸው ወደ ዝርዝሩ ተመልሷል። ድንጋይ አይሸከሙም፤ የአካፋና የዶማ አስረካቢ ሆነዋል። ባለፈው ሳምንት ሁለት አካፋ ጎድሏል ብለው ሠራተኛውን ሁሉ አሰልፈው አስቆጥረዋል።