ስለ ባሕር ሽሽ መሬት አለካክ

ደልጊ በጣና ሐይቅ ዳር ከሚገኙት ከተሞች አንዲቱ ናት። የጣና ውሃ ክረምቱ ሲያልቅ ሞልቶ ይታያል፤ በበጋ ወራት ግን ቀስ በቀስ ይጎድላል። ውሃው የለቀቀው እርጥብ መሬት ባሕር ሽሽ ይባላል፤ የጣና ዳር ገበሬም እርጥበቱ ሳይደርቅ ይዘራበታል። ነገር ግን የሽሹ ወርድ ከሳምንት ወደ ሳምንት የሚለወጥ ስለ ሆነ፥ የቤት እመቤት ከጎተራ ስንት ዘር ታውጣ? ዘሩ ቢበዛ የልጆች ቀለብ ይባክናል፤ ቢያንስ መሬቱ ጦም ያድራል።

ለዚህ የሚረዳው ብልሃት ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት አልጀብራ ነው። ይኸውም ያልታወቀውን ቁጥር በፊደል ጽፎ ማስላት ነው።

ለምሳሌ ርዝመቱ 40 ሜትር፥ ወርዱ 25 ሜትር የሆነ እርሻ ቢኖር ስፋቱ 1000 ካሬ ሜትር ነው። ሐይቁ በ40 ሜትሩ ጎን በኩል ሸሽቷል እንበል። የሽሹን ወርድ በአንደኛው ጫፍ «ሀ» ብለን እንሰይመው፤ የውሃው ዳር ዘመም ያለ ስለ ሆነ በሌላው ጫፍ በ6 ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ ሽሹ በሁለት ይከፈላል። አንዱ አራት ማዕዘን ሲሆን ስፋቱ 40 ጊዜ ሀ ነው። ሁለተኛው ሦስት ማዕዘን ሲሆን ስፋቱ 40 በ6 ተባዝቶ የሚገኘው እኩሌታ፥ ማለት 120 ነው። ሁሉም ከእርሻው ጋራ ሲደመር 1120 + 40ሀ ይሆናል።

የውሃው ዳር ዝንባሌውን እስካልለወጠ ድረስ፥ ከዚያ በኋላ የሚለካው ሀ ብቻ ነው። ሀ 10 ሜትር ሲሆን ጠቅላላው 1520፥ 30 ሜትር ሲሆን 2320 ካሬ ሜትር ነው። ሩብ ሄክታር፥ ማለት 2500 የሚሞላው መቼ ነው ቢሉ፥ ከ2500 ላይ 1120 ተቀንሶ የቀረው 1380 ለ40 ሲካፈል 34.5 ሜትር ይወጣል።

ዙሪያውን ብቻ በገመድ መለካት ግን ያሳስታል። 40 በ25 የሆነው እርሻና 60 በ5 የሆነው እርሻ ዙሪያቸው እኩል 130 ሜትር ነው፤ ስፋታቸው ግን የአንዱ 1000፥ የሌላው 300 ነው። ወንድማማች በዙሪያ ገመድ ቢካፈሉ አንደኛው እንደሚጎዳ ከዚህ ይታወቃል።

በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው ሊቅ አል ኽዋሪዝሚም፥ አልጀብራ ስሙን ባገኘበት መጽሐፉ ውስጥ ስለ መሬት አለካክና ስለ ውርስ አከፋፈል ጽፏል።

ይህ ስሌት ለዘር ግምት ይጠቅማል እንጂ የይዞታ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ከመዝራታችሁ በፊት ገመዱን ለተማሪ ልጃችሁ፥ ለወንዱም ለሴቷም ስጡ። ትምህርቱ በእርሻ ላይ ሲፈተን ይጸናል፤ ጎተራውም ከብክነት ይድናል።