ከመርከብ መሪነት ወደ ኮንግረስ፦ የሮበርት ስሞልስ ትግል

እ.ኤ.አ. በሜይ 1862 አንድ ሌሊት፣ በደቡብ ካሮላይና የቻርለስተን ወደብ የቆመችው የእንፋሎት መርከብ «ፕላንተር» ነጭ ካፒቴኗና መኮንኖቿ ከተማ ወርደው አድረዋል። ባርነትን ለማቆየት ለሚዋጋው የኮንፌዴሬሽን ጦር መሣሪያ የምታመላልስ መርከብ ናት። ተሳፍረው የቀሩት በባርነት የተያዙ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ መሪዋን የሚይዘው የ23 ዓመቱ ሮበርት ስሞልስ ነበር።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ስሞልስ መርከቧን አስነሣ። ሚስቱን ሐናን፣ ልጆቹንና የባልደረቦቹን ቤተሰቦች ከሌላ ማረፊያ አሳፈረ። የካፒቴኑን የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ፣ በየምሽጉ ፊት የሚጠየቀውን የፉጨት ምልክት ሳያዛንፍ እየሰጠ አለፈ። ከፎርት ሰምተር መድፎች ሲርቅ የኮንፌዴሬሽኑን ባንዲራ አውርዶ ነጭ አንሶላ ሰቀለ፤ መርከቧንም ኮንፌዴሬሽኑን ለሚወጋው የሰሜን ባሕር ኃይል አስረከበ።

ወሬው አገር አዳረሰ። ስሞልስ በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ጥቁሮች በወታደርነት እንዲመዘገቡ ተሟገተ፤ ኋላም የዚያችው የፕላንተር ካፒቴን ሆነ። በተወለደባት በቢዩፈርት ከተማም የቀድሞ ጌታውን ቤት ገዛ።

ብዙዎች የሚያወሱለት ያንን ሌሊት ነው። ከዚያ የረዘመውና የከበደው ትግሉ ግን በምክር ቤት ነበር። እሱ ራሱ ማንበብ የተማረው ጎልማሳ ሆኖ ነው፤ ስለዚህ በ1868 የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ፣ ለልጆች ሁሉ ነፃ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲከፈት ተከራከረ። ከ1875 እስከ 1887 ባሉት ዓመታት ውስጥ ለአምስት የሥራ ዘመን በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ተቀመጠ።

ባላንጣዎቹ አልተኙለትም። «ቀይ ሸሚዝ» የሚባሉት ታጣቂዎች ጥቁር መራጮችን ያስፈራሩ ነበር። በ1877 ስሞልስ በጉቦ ተከሶ ተፈረደበት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የግዛቲቱ ገዥ ምሕረት አደረገለት።

በ1895 ደቡብ ካሮላይና አዲስ ሕገ መንግሥት ለማውጣት ጉባኤ ጠራች። ዓላማው በማንበብና በንብረት መስፈርት ጥቁሮችን ከምርጫ ማስወጣት ነበር። ከ160 ተወካዮች ጥቁሮቹ ስድስት ብቻ ናቸው። ስሞልስ ተነሥቶ የወገኖቹን የመምረጥ መብት ተከላከለ፤ ሰነዱ ሲጸድቅም አልፈርምም አለ።

ስሞልስ በ1915 ቢዩፈርት ውስጥ፣ በዚያው በገዛው ቤት አረፈ። በኮንግረስ የነበረው የግዛቲቱ የዚያ ዘመን የመጨረሻ ጥቁር እንደራሴ ወንበሩን የለቀቀው በ1897 ነው፤ ቀጣዩ ጂም ክላይበርን የገባው በ1993።