አንድ ቅርጽ፣ አሥራ ሁለት ኮርድ

ጊታር የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚማራቸው ኮርዶች የታወቁ ናቸው፡፡ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ ማይነር፣ ኢ ማይነር... ከክፍት ክሮች ጋር ስለሚመቱ ለእጅ ይመቻሉ፤ በእነሱ ብቻም ብዙ ዘፈን ይሠራል፡፡ ችግሩ የሚመጣው ከጊታሩ ጎን ዘፋኝ ሲቆም ነው፡፡ «ኪዩን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ፤ ድምፄ አልመጣም» ይላል፡፡ ትንሽ ከፍ ሲል ሲ የነበረው ሲ ሻርፕ ሆነ ማለት ነው፡፡ ልጁ ደግሞ ከተማራቸው ቅርጾች ውስጥ ሲ ሻርፕ የለም! ለሰፈር ልጆች ጊታር ሳሳይ ብዙዎቹ ተስፋ ቆርጠው ጊታሩን ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት እዚህ ደረጃ ሲደርሱ ነው፡፡

«ካፖ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም፡፡ አለ፤ ጥሩ ዕቃም ነው፡፡ ግን ዘፈኑ መሃል ላይ ኪዩ ከፍ ሲል ካፖ ነቅሎ ለመትከል ማን ጊዜ ይሰጣል? ከካፖው በፊት ኮርድ ከምን እንደሚሠራ ማወቅ ይሻላል፡፡ ሒሳቡ ደግሞ ከባድ አይደለም፡፡

ከአንድ ድምፅ ተነስተን ያው ድምፅ በላይኛው ደረጃ እስኪደገም ድረስ 12 ግማሽ ድምፆች አሉ፡፡ በጊታር አንገት ላይ አንዱ ፍሬት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው፡፡ ሜጀር ኮርድ ለመሥራት ከመነሻው ድምፅ 4 ትቆጥራላችሁ፤ ከደረሳችሁበት ደግሞ 3፡፡ ማይነር ከሆነ ቆጠራው ይገለበጣል፤ በመጀመሪያ 3፣ ቀጥሎ 4፡፡ ከኢ ብንነሳ፣ 4 ስንቆጥር ጂ ሻርፕ፣ ከዚያ 3 ስንቆጥር ቢ ላይ እንደርሳለን፡፡ ኢ ሜጀር ማለት እነዚህ ሦስት ድምፆች ናቸው፡፡

አሁን ጊታር ያላችሁ አንሱና ኢ ሜጀርን ያዙ፡፡ ከወፍራሙ ክር ጀምራችሁ አንድ በአንድ ብትመቱት የምትሰሙት ኢ፣ ቢ፣ ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ፣ ኢ ነው፡፡ ስድስት ክር፣ ሦስት ድምፅ፡፡ ኢ ሦስት ጊዜ፣ ቢ ሁለት ጊዜ ሲመጣ ጂ ሻርፕ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ሦስተኛው ክር ላይ አንደኛው ፍሬት፡፡ ያንን ጣት ብታነሱት ጂ ይሆንና ኮርዱ ወደ ኢ ማይነር ይለወጣል፡፡ የስድስቱን ክር ጠባይ የሚለውጠው አንድ ጣት መሆኑ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል፡፡

ተንቀሳቃሽ ኮርድ የሚባለው ከዚሁ ይወጣል፡፡ ኢ ሜጀርን ስንመታ ሦስቱ ክፍት ክሮች የሚያርፉት በአንገቱ ጫፍ ባለችው ነጭ ቁራጭ ላይ ነው፡፡ አመልካች ጣታችሁን አጋድማችሁ በእሷ ቦታ ተኩትና ቅርጹን በቀሩት ሦስት ጣቶች ያዙ፡፡ ከዚያ እጃችሁን ወደፈለጋችሁበት ፍሬት መውሰድ ነው፡፡ ስሙን የሚሰጠው ወፍራሙ ክር ነው፤ አመልካች ጣት 1ኛው ፍሬት ላይ ሲሆን ኤፍ፣ 3ኛው ላይ ጂ፣ 5ኛው ላይ ኤ፣ 8ኛው ላይ ሲ፡፡ የኤ ሜጀር ቅርጽም እንዲሁ ይንቀሳቀሳል፤ የእሱን ስም የሚሰጠው ግን አምስተኛው ክር ነው፡፡ 3ኛው ፍሬት ላይ ሲ፣ 4ኛው ላይ ያ ዘፋኙ የጠየቀው ሲ ሻርፕ ይገኛል፡፡

ጣት ያማል፤ መዋሸት አያስፈልግም፡፡ ግን ብዙ ሰው የሚደክመው በከንቱ ነው፡፡ በኢ ቅርጽ አመልካች ጣት አጥብቆ መያዝ ያለበት ስድስተኛውን፣ ሁለተኛውንና አንደኛውን ክር ብቻ ነው፡፡ መሃል ያሉትን ሦስቱን ሌሎቹ ጣቶች ይዘዋቸዋል፡፡ ጣቱን በጎኑ በኩል ትንሽ ዘንበል አድርጉት፡፡ ልምምዱንም ከ1ኛው ፍሬት አትጀምሩ፤ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ክሩ ይጠነክራል፡፡ 5ኛው ፍሬት ላይ ይቀላል፡፡ ክሩ ከአንገቱ በጣም ርቆ የተሰቀለበት ርካሽ ጊታር ከሆነ ደግሞ እጃችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ጊታሩን አሠሩት፡፡

ወደ ራሳችን ዘፈን ስንመጣ ሒሳቡ ሌላ ነገር ያሳየናል፡፡ የክራር ተጫዋች ክሮቹን ለቅኝቱ ይቃኛል፤ ጊታሪስት ግን ክሩን ሳይነካ ከ12ቱ መሃል አምስቱን መምረጥ አለበት፡፡ ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፡፡ በእነዚህ አምስት ድምፆች 4ና 3 እየቆጠራችሁ ኮርድ ሥሩ ብትባሉ የምታገኙት ሲ ሜጀርንና ኤ ማይነርን ብቻ ነው፡፡ ከውጭ መጻሕፍት የተማርነው የሲ፣ ኤፍ፣ ጂ አካሄድ ኤፍንና ቢን ይጨምራል፤ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም፡፡ መጨመር ክልክል ነው አልልም፤ ትዝታው ግን ጠረኑን ሲለውጥ ይሰማኛል፡፡ ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» ስትሰሙ ለአንድ ጊዜ ድምፃዊውን ተዉትና የሰላም ስዩምን ጊታር ብቻ ተከተሉ፡፡

አምባሰል ይብሳል፡፡ ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፡፡ ከሲ 3 ብትቆጥሩም 4 ብትቆጥሩም የምትደርሱበት ድምፅ በቅኝቱ ውስጥ የለም፡፡ ቅኝቱ በሚያርፍበት በራሱ ድምፅ ላይ ሜጀርም ማይነርም አይሠራም ማለት ነው፡፡ ዲ ፍላት ሜጀርና ኤፍ ማይነር ይሠራሉ፤ ማረፊያው ላይ ግን እኔ የምይዘው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ አምስተኛው ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ሲ፣ አራተኛው ክር 5ኛው ፍሬት ላይ ጂ፡፡ የቀሩትን ክሮች አልመታም፡፡ ዘፋኙ ኪዩን ከፍ ሲያስደርግ ሁለቱ ጣቶች ቅርጻቸውን እንደያዙ አንድ ፍሬት ወደፊት ይሄዳሉ፡፡