ራጁ ንጹሕ፣ እጁ ያበጠ

ሩማቶይድ አርትራይተስ የያዘውን ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ግር የሚያሰኝ ነገር አለ። ጣቶቹ አብጠው፣ ጠዋት ጠዋት ቡጢ መጨበጥ አቅቶት ራጅ ይነሳል፤ ውጤቱ «ምንም የለም» ተብሎ ይመጣል። ራጁ አልዋሸም። ሰውየው የጠየቀው ስለ ዛሬው ሕመም ነው፤ ራጅ የሚመልሰው ደግሞ እስካሁን ስለደረሰው ጉዳት ነው።

ሕመሙ ከአጥንቱ አይነሳም። መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን በራሱ በሰውነቱ የመከላከያ ሥርዓት ይጠቃና ይቆጣል፣ ይወፍራል፤ አጥንቱን መብላት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የት እንደሚጀምርም ይታወቃል። ልም አጥንት ያልሸፈነው ጠባብ ጠርዝ አለ፤ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። በራጅ ሲታይ አይጥ የቀመሰችው ዳቦ ይመስላል።

ራጅ ይህን ጉድጓድ ያሳያል፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠቦ ከሆነም ልም አጥንቱ እየሳሳ መሆኑን ይጠቁማል። ቁጣውን ግን አያይም። ያም ሆኖ ገና ጡረታ አልወጣም፦ ርካሽ ነው፣ ብዙ ቦታ ይገኛል፣ የዘንድሮውን ካምናው ጎን ሰቅሎ ማመሳከር ይቻላል። በመድኃኒት ሙከራዎች የእጅና የእግር ጉዳት ከ0 እስከ 448 ነጥብ የሚሰጥበት የሻርፕና ቫን ደር ሃይደ መለኪያም የሚሠራው በራጅ ነው።

ቁጣውን በዓይን ለማየት አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ጄል ቀብቶ ፕሮቡን ከጣቱ አንጓ ላይ ያሳርፋል፤ በስክሪኑ ላይ ፈሳሹ ጥቁር፣ የወፈረው ሽፋን ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የደም ፍሰትን የሚያሳየው ዶፕለር ሲበራ በሽፋኑ ውስጥ ቀይና ብርቱካናማ ነጥቦች ብልጭ ይላሉ፤ ደም እየጎረፈ፣ ቁጣው እየነደደ ነው ማለት ነው። ፕሮቡን ትንሽ ጫን ካሉት ግን ደም ሥሮቹ ተጨፍልቀው ነጥቦቹ ድርግም ይላሉ። ውጤቱ በባለሙያው እጅ ላይ ነው የምንለው ለዚህ ነው። ደግሞም አልትራሳውንድ የሚያይበት ድምፅ አጥንትን አያልፍም።

አጥንት ውስጥ ዘልቆ የመቅኒውን እብጠት የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ያ እብጠት የታየበት አጥንት ኋላ የመበላት ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ይህ መሣሪያ ነው፤ ዋጋውና ጊዜው ግን ለሁሉ አይሆንም። ሲቲ ስካን ጉድጓዱን አጥርቶ በማሳየት የሚስተካከለው የለም። ስለ ቁጣው ብዙም አይናገርም፣ ጨረርም አለው።

ታዲያ አብልጦ የሚያየው ይሻላል? እኔም አዎ የምል ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው የኖርዌይ ሙከራ ግን ሕክምናው በአልትራሳውንድ ሲመራ ሐኪም በእጁ ዳስሶ ከሚመራው ተሽሎ አላገኘውም። በ2019 የታተመው የዴንማርክ ሙከራም በኤምአርአይ ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳየ፤ ጭራሽ መድኃኒቱ በምስሉ እየተመራ በተጨመረላቸው ሕሙማን ላይ ከባድ የጤና ችግር በዛ። ምስሉ ላይ የሚታይ ትንሽ ቁጣ ሁሉ መድኃኒት አይጠራም፤ ጤነኛ ሰው ላይም አንዳንዴ ይታያል።

አልትራሳውንድ ዋጋ የሚያወጣው ሐኪሙ ዳስሶ «አብጧል ወይስ አላበጠም?» ብሎ ሲያመነታ ነው። ራጁ ደግሞ ገና ከመነሻው፣ እጅ ብቻ ሳይሆን እግርም ተጨምሮ ይነሳ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማንም ባልጠረጠረው በትንሿ የእግር ጣት ሥር ነው፤ ቦታው ምንም ሳያም።