የድምፅ ዘር አይፈጭም፤ ካሴት ወደ ስልክ ሲገለበጥ ሊታወቅ የሚገባው

ነሐሴ በገባ ቁጥር የደብረ ታቦር ሰፈሮች በጅራፍ ድምፅና በሆያ ሆዬ ይደምቃሉ። ከተማዋ ስሟን የምትጋራውን የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ስታከብር የልጆቹን ዜማ በእጅ ስልኩ የሚቀርጸው ብዙ ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎችም የሠርግ ዘፈን፣ ፉከራና ሽለላ፣ የአዝማሪ ማሲንቆ በስልክ ይቀረጻል። ቀደም ያለው ትውልድ ደግሞ ይህንኑ በቴፕ ቀርጾ በካሴት አስቀምጧል።

ችግሩ የሚመጣው ካሴቱ ሲያረጅ፣ ስልኩ ሲቀየር ወይም ሜሞሪ ካርዱ ሲሞላ ነው። ያን ጊዜ ድምፁን ከአንድ ቅርጸት ወደ ሌላ መቀየር የግድ ይሆናል። ቅየራው ሳይታሰብበት ከተሠራ ግን ከድምፁ ከፊሉ ተመልሶ ላይገኝ ይጠፋል።

ቅርጸቶቹ በምን ይለያያሉ?

ኮምፒውተር ድምፅን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። በሲዲ ደረጃ ድምፁ በእያንዳንዱ ሰከንድ 44 ሺህ 100 ጊዜ ይለካል። ልኬቱን ሳይቀንስ የሚይዘው ዌቭ የተባለው ቅርጸት ሲሆን፣ አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት 635 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል።

ፍላክ የተባለው ቅርጸት ይህንኑ ልኬት አጥፎ ያስቀምጣል። ጋቢ ታጥፎ ሣጥን ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ቦታ ያንሳል፤ ሲዘረጋ ግን አንድም ክር አይጎድለውም። ፍላክም የፋይሉን መጠን ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ ያደርጋል፤ ሲከፈት ግን የመጀመሪያው ድምፅ እንዳለ ይመለሳል።

ኤምፒ3 አሠራሩ የተለየ ነው። የሰው ጆሮ ብዙም አይለየውም ተብሎ የሚታሰበውን የድምፅ ክፍል እየመረጠ ይጥላል። በተለመደው የ128 ኪሎቢት መጠን ያው ካሴት ወደ 58 ሜጋባይት ብቻ ይወርዳል። ይህ ገብስን አስፈጭቶ ዱቄት እንደ ማድረግ ነው፤ ዱቄቱ ለምግብ ይሆናል፣ ለዘር ግን አይሆንም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ስብስቡ ሲበዛ ነው። 500 የ60 ደቂቃ ካሴቶች ያሉት ሰው በዌቭ ቢያስቀምጣቸው 317 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል። በኤምፒ3 ግን 29 ጊጋባይት ስለሚሆኑ ሙሉው ስብስብ በአንድ ትልቅ ሜሞሪ ካርድ ሊያዝ ይችላል። ብዙዎች በኤምፒ3 ብቻ ገልብጠው ካሴቱን የሚጥሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ተመልሶ አይስተካከልም ወይ?

ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ ወይም ወደ ዌቭ መመለስ የፋይሉን መጠን ያሳድጋል እንጂ የተጣለውን ድምፅ አይመልስም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው ነው። ኤምፒ3ን ዳግም ወደ ሌላ ኤምፒ3 መቀየርም በየጊዜው ተጨማሪ ድምፅ ያስጥላል። ስለዚህ በእጁ ያለው ኤምፒ3 ብቻ የሆነ ሰው ፋይሉን ሳይነካ እንዳለ ማስቀመጡ ይሻለዋል።

በቀደሙት የእጅ ስልኮች የተቀረጹ ብዙ ድምፆች ኤኤምአር በተባለ ቅርጸት ይገኛሉ። ይህ ቅርጸት ለስልክ ንግግር የተሠራ በመሆኑ የማሲንቆን ቀጭን ድምፅ በሚገባ አይዝም። ቢሆንም ሌላ ቅጂ ከሌለ ዋናው እሱ ነው፤ አዲሱ ስልክ አልከፍት ቢል እንኳ ኤምፒ3 ቅጂ ይወጣለታል እንጂ አይደመሰስም።

ዋናውን ቅጂ የመጠበቅ ጥቅም ከአገራችን ታሪክ ይታያል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ላይ በሸክላ ያስቀረጿቸው ዘፈኖች ከኢትዮጵያ ቀደምት የሙዚቃ ቅጂዎች መካከል ናቸው። ሸክላዎቹ ተጠብቀው በመቆየታቸው ከመቶ ዓመት በኋላ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሕትመት በሲዲ ወጥተዋል።

እንዴት ይገልበጥ?

ካሴቱ ከመጫወቱ በፊት የቴፑ የድምፅ ማንበቢያ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጸዳል። ካሴቱም እስከ መጨረሻው ተጠቅልሎ ይመለሳል። ቴፑና ኮምፒውተሩ በገመድ ይገናኛሉ፤ ስልክን ድምፅ ማጉያ ፊት አስቀምጦ መቅረጽ የክፍሉን ጫጫታ አብሮ ያስገባል። ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለመቅረጽ ያገለግላል። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ለቅርስ የሚቀመጥ ድምፅ ቢያንስ በ48 ሺህ ልኬትና በ24 ቢት እንዲቀረጽ ይመክራል።

ድምፁ መጀመሪያ በዌቭ ይቀረጻል፤ ለማስቀመጫ ወደ ፍላክ፣ ለስልክና ለመኪና ወደ ኤምፒ3 ይገለበጣል። ብዙ ፋይሎችን በጅምላ የሚቀይሩ እንደ ቪኤልሲ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። በቅየራው መካከል መብራት ከጠፋ ጎዶሎ ፋይል ሊቀር ስለሚችል፣ የፋይሎቹ ብዛትና ርዝመት ከዋናው ጋር ሳይነጻጸር ምንም አይደመሰስም።

የዘፋኙ ስም፣ ቦታውና ዓመቱም በፋይሉ ስም ላይ ይጻፋል። በቁጥር ብቻ የተሰየመ ፋይል ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማን ድምፅ እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም። ሜሞሪ ካርድና ፍላሽ ይጠፋሉ፣ ይበላሻሉም። ስለዚህ ቅጂው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቤቶች ቢቀመጥ ይመረጣል።

ቅርጸት መቀየር የባለቤትነት መብት እንደማያስገኝም መታወቅ አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የድምፃውያንንና የአሳታሚዎችን መብት ይጠብቃል። የሌላ ሰው ሥራ ኤምፒ3 ስለሆነ ብቻ አይሸጥም።

ካሴት የሚገለበጠው በሚጫወትበት ፍጥነት ነው። 500 ካሴቶች 500 ሰዓት ይፈልጋሉ፤ በቀን አራት ሰዓት ቢሠራ 125 ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። በገበያ የተሸጠ የታዋቂ ድምፃዊ ካሴት በሌላ ሰው እጅ ሊገኝ ይችላል። የአባት ፉከራ፣ የእናት እሹሩሩ፣ ባረፉ የዜማ መምህር ድምፅ የተቀረጸ ድጓ ግን ያለው በዚያ አንድ ካሴት ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ መገልበጥ ያለበት እሱ ነው።