«ነባር» የምትለዋ ቃል

በዴሳ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በሩን፣ ቆርቆሮውንና ጓሮውን ነው። ግድግዳውን በመዳፉ ገፋ ያደርጋል፣ ከጓሮ ያለውን እንሰትና ቡና በዓይኑ ይቆጥራል፣ ውሃና መብራት በማን ስም እንደገቡ ይጠይቃል። ካርታውን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ፎቶ ኮፒውን። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መታየት ያለባት እዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈች አንዲት ቃል ናት እላለሁ፦ የይዞታው ዓይነት «ነባር» ነው ወይስ «ሊዝ»?

በዴሳ ስል የወላይታዋን፣ የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማን ነው፤ በምዕራብ ሐረርጌም በዚሁ ስም የምትጠራ ከተማ አለች። ሕጉ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በኢትዮጵያ መሬት የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ አጸናው። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው፤ መሬቱን የመጠቀም መብት ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። ሊዝ ማለት እንግዲህ ያ የመጠቀም መብት ዋጋና ዕድሜ ተቆርጦለት በውል ሲታሰር ነው። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 80፣ በ1986 ወጣ፤ በ1994 በአዋጅ 272 ተተካ፤ ከዚያ ደግሞ አዋጅ 721/2004 መጣ። ዛሬ ሰው ሁሉ «የሊዝ አዋጁ» የሚለው ይህን ነው፤ ከዚህ በታች የማነሳቸው ድንጋጌዎችም የእሱ ናቸው።

ነባር ይዞታ የሚባለው ከተማው ወደ ሊዝ ሥርዓት ከመግባቱ በፊት በሕግ የተያዘ ቦታ ወይም ለእንዲህ ያለ ቦታ ምትክ ሆኖ የተሰጠ ነው። ባለቤቱ እዚያው እስካለ ድረስ የቦታ ኪራዩንና የቤት ግብሩን እየከፈለ ይኖራል። ቤቱ ከውርስ በቀር በሌላ በማናቸውም መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ግን ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

እንበልና አንድ መምህር 200 ካሬ ላይ ያረፈ የቆርቆሮ ቤት ሊገዛ ተስማማ። ሻጩ አዛውንት ናቸው። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ የሊዝ ብሎ የጠየቀኝ የለም» ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው። መምህሩ ነገሩን ካወቀ መልሱ እንዲህ ነው፦ «እርስዎ እጅ እስካለ ነባር ነው ጋሼ፤ ስሙ ወደ እኔ ሲዞር ግን ሊዝ ይሆናል። እሱንም አስልተን እንነጋገር።» ስሌቱ ቀላል ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለዚያ ደረጃ ቦታ የሚሠራበት የሊዝ መነሻ ዋጋ፣ ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በካሬ 500 ብር ቢሆን የ200 ካሬው 100,000 ብር ይመጣል። ይህ ለቤቱ ከተነጋገሩበት ዋጋ ውጭ ነው፤ በየዓመቱ እየተከፋፈለ ለመንግሥት ይገባል። መነሻ ዋጋው ደግሞ ቢያንስ በየ2 ዓመቱ መከለስ አለበት፤ ስለዚህ ጎረቤት ከሦስት ዓመት በፊት በገዛበት ሒሳብ መሄድ አይቻልም። ቀብድ ከመስጠት በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የዘንድሮውን መጠየቅ ነው።

ከውርስ በቀር የሚለው ሐረግ ቀላል ነገር አይደለም። አባቱ ሲሞት ቤቱን በውርስ ያገኘ ልጅ ነባርነቱን ይዞ ይቀጥላል። ያው አባት በሕይወት ሳለ «ግብር ይቅርልን» ብሎ ቤቱን በስጦታ ውል ለልጁ ቢያዞርለት ግን ስጦታ ውርስ አይደለምና ልጁ ሊዝ ውስጥ ይገባል። ቤተሰብ ሸንጎ ተቀምጦ ሲወስን ይህን የሚነግረው ሰው ባለመኖሩ ብቻ ዕዳ የሚገባ ልጅ አለ።

ካርታው ላይ «ሊዝ» የሚል ከሆነ ጥያቄው ይለወጣል፦ ስንት ዓመት ቀረው? ስንት ተከፈለ? ግንባታው የት ደርሷል? ሶዶ በ2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካ ማዕከል ከሆነች ወዲህ ባዶ ቦታ በጨረታ ወስዶ ሳይሠራ መሸጥ የሚያጓጓው ሰው በዙሪያዋ ባሉ ከተሞችም አይጠፋም። አዋጁ ይህን አጥብቆ ይይዛል። ግንባታ ሳይጀምር ወይም ግማሽ ሳያደርስ የሊዝ መብቱን ማስተላለፍ የሚፈልግ ሰው የሚሸጠው አግባብ ያለው አካል በሚከታተለው ግልጽ ሽያጭ ነው። ለራሱ የሚቀርለትም እስከዚያ የከፈለው ሊዝ ከባንክ ወለዱ ጋር፣ የሠራው ሥራ ዋጋና ከሊዙ ማስተላለፊያ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። ለቪላ ቤት ግማሽ የሚባለው መሠረቱ ወጥቶ፣ ኮለኖቹ ቆመው፣ የላይኛው ቢም ሲታሰር ነው። ይህን ገደብ ለማለፍ በውክልና የሚሸጡ አሉ። ውክልና ግን ወካዩ ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታል።

ከከተማው ዳር ያለው የአርሶ አደር መሬት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። የሚሸጥ መብት ስለሌለ ሽያጩ «ብድር» ወይም «እርዳታ» በሚል ወረቀት ይሸፈናል። ያ ወረቀት በሕግ ፊት መሬት አያስገኝም። ገበሬው ማሳውን፣ ገዢው ጥሪቱን ያጣሉ፤ ወላይታን በመሰለ የሰው ብዛት ባለበት አገር አንዲት ጥማድ ምን ማለት እንደሆነች ለሚያውቅ ሰው ይህ ያማል።

ወደ ውሉ እንመለስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ሦስት ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ክብሩ ለሽማግሌዎቹ ነው፤ ሻጭ «አልሸጥኩም» ያለ ቀን ያልተመዘገበው ውል ገዢውን ጉድ ይሠራዋል። ቀብድም የራሱ ሕግ አለው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ ከፋዩ ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ቤቱ የጋራ ከሆነ ባልም ሚስትም መፈረም አለባቸው። ሚስት ጓዳ ቡና እያፈላች ባል ብቻውን የፈረመበት ሽያጭ በኋላ ሊፈርስ ይችላል። እገዳና የባንክ ዕዳ አለመኖሩን ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ በጽሑፍ ማግኘት እንጂ በደላላ አፍ መርካት አይገባም። የሊዝ ውዝፍም ይጣራ፤ ውዝፉ 3 ዓመት ከሞላ መንግሥት ንብረቱን ይዞ ሸጦ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል።

ለንደን የሚኖሩ ዘመዶቻችንም ሊዝን ያውቁታል። እዚያ አፓርትማ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ዓመት ነው፤ የቀረው ዘመን ከ80 ዓመት በታች ሲወርድ ማራዘሚያው ሲወደድባቸው ኖሯል። ልዩነቱ እዚያ ባለመሬቱ ግለሰብ ወይም ድርጅት፣ እዚህ መንግሥት መሆኑ ነው።

በእኛ አገር የመኖሪያ ቤት ሊዝ በየትኛውም ከተማ 99 ዓመት ነው። የንግድ ሊዝ በአዲስ አበባ 60፣ በሌሎች ከተሞች 70 ዓመት ይደርሳል። የመጀመሪያው አዋጅ ከወጣ ገና 99 ዓመት ስላልሞላ የመኖሪያ ሊዝ ዘመኑ አልቆበት ያራዘመ ሰው የለም። የከተማ ግብርና ሊዝ ግን 15 ዓመት ብቻ ነው፤ ለወተት ላም ወይም ለዶሮ እርባታ ቦታ የወሰደ ሰው በገዛ ዕድሜው ይደርስበታል። እድሳቱ በጊዜው መነሻ ዋጋ ነው፤ የከተማው ፕላን ከተለወጠ ሊከለከልም ይችላል፣ ያን ጊዜ ካሳ የለም። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ውሉ ሊያልቅ 10 ዓመት ከሚቀረው ጊዜ አንሥቶ 2 ዓመት እስኪቀረው ነው። በ2008 የተፈረመ የ15 ዓመት ውል በ2023 ያልቃል፤ ማመልከቻው የሚገባው ከ2013 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ነው ማለት ነው። ሲያስገባ ታዲያ ግልባጩን መዝገብ ቤት ማህተምና ቀን አስመትቶ ይያዝ። የሚመለከተው አካል በ1 ዓመት ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ያ ዓመት የሚቆጠረውም ማመልከቻው ከገባበት ቀን ነው፣ ቀኑን የሚመሰክርለት ደግሞ ያ ማህተም ነው።